አሥር በስድስት

ኦቤድ ትራቨርስ ነኝ፤ ሣር አጫጅ ነኝ እዚህ፣
ከሃርግሬቭ ግቢ፣ ከወንዙ በወዲህ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን መስክ ላጨሁ፣
ጢሜን እንኳ እንዲህ ተግቼ አልላጨሁ።

ጎብኚ ሲመጣ ሞተሩን አጥፍቼ
ከአጥሩ እቆማለሁ ጥላ ተጠግቼ፤
በመስኮት ይሰማል የአስጎብኚዋ ቃል፦
«ይህ ሰዓት ከለንደን በመርከብ መጥቷል፤
ደረጃው ዋልነት ነው፣ ምድጃው እብነ በረድ፤
ጌታው ከዚህ ቆሞ ትምባሆው ሲወርድ
ይቆጥር ነበረ በርሜል በበርሜል።»
ማን ተሸክሞት እንደወረደ ግን ይታለፋል።

ድርቅ የገባ ዓመት፣ መስኩ ነዶ ነዶ
ሲመስል ማሳ ላይ ተረስቶ የቀረ ነዶ፣
ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ማዕዘኑ አራት፣
ርዝመቱ አሥር እርምጃ፣ ስፋቱ ስድስት፣
አንድ ቁራጭ መሬት አልደርቅም አለች፣
እንደ ብርድ ልብስ አረንጓዴ ሆና ተነጠፈች።

ሣር በራሱ ጊዜ ማዕዘን አያወጣም፤
ሰው ካልኖረ በቀር ማዕዘን አይመጣም።
ለቦርዱ ነገርኩ። «ቧንቧ ፈንድቶ ነው» አሉኝ።
በሁለተኛው ድርቅ ነገርኩ። ፈገግ አሉልኝ።
በሬው እንኳ ገደሉን ባያይ ሣሩን አይቷል፤
እነዚህ ግን ሣሩም ተሰውሯቸዋል።

በአራተኛው ድርቅ ዶክተር ሊኔት መጣች፣
ተንበርክካ ሣሩን በመዳፏ ዳሰሰች።
«ማነው ይህን ያየ?»
እጄን አነሣሁ፣
እንደ ተማሪ፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ።

ክር ወጠሩ። አፈሩን በማንኪያ እየቀነሱ
በወንፊት ነፉ። መጀመሪያ የኦይስተር ቅርፊት፣
ከዚያ የዓሣ አጥንት፣ በሽቦ የተሰፋ ድስት፣
ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ዶቃ፣
ከዚያም የሸክላ ፒፓ፣ አፉን ጥርስ የቦረቦረው፤
ባለቤቱ በግራ በኩል ነበር የሚነክሰው።
እኔም በግራ ነው። ምንም አላልኩም።

የጎጆ ወለል ነበር። ከወለሉም ሥር
ጌታው ሳይቆጥራት ያለፈች ጉድጓድ፣ የሰው ምሥጢር።
የቀረውን ሁሉ ቆጥሮታል፤ ሲሞት የተጻፈ
መዝገብ አምጥታ ሊኔት አነበበችልን፦

«የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ። አሥራ አምስት ፓውንድ።
ጊደር፣ ሁለት። አራት ፓውንድ።
ሳቢና የምትባል አሮጊት፣ አንድ።
ዋጋ የላትም።»

ዋጋ የለው ነገር ሁለት ነው ብዬ አሰብኩ፦
የሚጣል አለ፣ የማይሸጥም አለ።
ጸሐፊው ቀለሙን ሲነክር
ሁለተኛውን እንደጻፈ አላወቀም።

በጥቅምት መልሰው ደፈኑት። አፈር በአፈር ላይ።
«ለመጠበቅ ነው» አለች፤ «የተገለጠ ይፈርሳል፣
የተቀበረ ይቆያል።» እውነቷን ይሆናል።
እናቴን ስንቀብር ግን እንዲህ ያለኝ የለም።

ዶቃዋ ቁጥር ተሰጥቷት ሳጥን ገባች።
ቦርዱም ጉልበት የማታህል ሰሌዳ አቆመ፦
«የአገልጋዮች መኖሪያ።»
አገልጋይ! እሑድ እሑድ የሚሰብከን ፓስተርም አገልጋይ ነው፤
ደመወዝ አለው፣ መኪና አለው፣ ሲደክመው ፈቃድ ይወጣል።
የበሩን ትልቅ ነሐስ በየሳምንቱ እወለውላለሁ፤
ይህችኛዋን ዝናብ ይጠባት ብዬ ትቻታለሁ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ምላጭ አላሳረፍኩም።
በሰኔ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለበት፦
«አቶ ትራቨርስ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ
አንድ ቦታ ረስተዋል።»

ረስተዋል!
ወረቀቱን አጥፌ ከማጨጃው መቀመጫ ሥር፣
ከቁልፉ ጋር አስቀመጥኩት።

ዘንድሮ ዝናቡ በዝቷል። መስኩ ሁሉ አንድ ቀለም ነው፤
ድንበሩን የሚያውቀው እግሬ ብቻ ነው።
ከማድ ቤቱ ግድግዳ እጀምራለሁ፤ አሥር እቆጥራለሁ፣
ወደ ወንዙ ዞሬ ስድስት፣
ከዚያ ሞተሩን አነሣና
ዙሪያውን እሄዳለሁ።